ሁለት ዲግሪ፣ ሁለት ደብተር

ሁለት አለቃ፣ ሁለት ወንበርና ሁለት የሥራ ልብስ ያለው ሰው ከሚሴ ውስጥ ከእኔ ሌላ ካለ አግኝቼው አብሬው ባለቅስ ደስ ይለኛል። ከሰኞ እስከ ረቡዕ የከብት ሐኪም ነኝ። ቦቲ ጫማዬን አጥልቄ፣ አረንጓዴ ቱታዬን ለብሼ በየቀበሌው እዞራለሁ። ሐሙስና ዓርብ ደግሞ የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ ነኝ። ነጭ ጋውን ለብሼ ሌላ ሕንፃ ውስጥ፣ ሌላ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ቅዳሜ ሁለቱንም ልብስ አጥባለሁ። እሁድ እናቴን ልጠይቅ እሄዳለሁ። ይህን ኑሮ የመረጥኩት ራሴ ስለሆንኩ የምወቅሰው ሰው የለኝም፤ ግን እወቅሳለሁ።

ነገሩ የጀመረው ሰንበቴ ገበያ ነው። በእንስሳት ሕክምና ተመርቄ ሥራ በያዝኩባቸው ዓመታት በገበያ ቀን ከዚያ አልጠፋም ነበር። ከቆላ የመጣ አርብቶ አደር ፍየሉን እየጎተተ ይመጣና "ፍየሎቼ ይጨነግፋሉ" ይለኛል። እኔ ስለ ፍየሎቹ ስጽፍ እሱ ቀጠል አድርጎ "ሚስቴንም ትኩሳቱ አልለቅ ብሏታል" ይላል። ያንን አልጽፈውም። ስለ ሚስቱ የሚጠይቀው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። ያ መሥሪያ ቤት ደግሞ ስለ ፍየሎቹ አይጠይቅም። ሰውየው ግን አንድ ነው፣ ቤቱም አንድ ነው፣ ወተቱንም የሚጠጡት ከአንድ ቅል ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያይ ሰው ቢኖር ብዬ አሰብኩ። ያ ሰው ለምን እኔ አልሆንም አልኩና በኅብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ ልማር ተመዘገብኩ። እናቴ ስትሰማ ደስ ብሏት "ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል" አለችኝ። ሁለቱም ሳይሰበሩ መሐል ላይ ተንጠልጥሎ ስለ መቅረት የሚናገር ተረት ግን አልነገረችኝም።

ትምህርቱ ቅዳሜና እሁድ ደሴ ላይ ነበር። ዓርብ ከሥራ ስወጣ ሚኒባስ እሳፈራለሁ። ከኮምቦልቻ በላይ ያለውን ጠመዝማዛ ዳገት በሰው ጉልበትና በጫት እሽግ መሐል ተጣብቄ እወጣዋለሁ። የክፍል ጓደኞቼ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ነበሩ። ስገባ "ላሞቹ እንዴት ሰነበቱ?" ይሉኛል። ሰኞ ሥራ ስገባ ደግሞ የከብት ሐኪሞቹ "ሰዎቹስ እንዴት ናቸው?" ይላሉ። ለሁለቱም እስቅ ነበር። ሦስተኛው ዓመት ላይ መሳቁን ተውኩት።

ተመርቄ ማስረጃዬን ይዤ የሰው ሀብት ክፍል ገባሁ። ሠራተኛው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አየው፣ አገላበጠው።

"ዶክተር፣ ይሄ ከመደብሽ ጋር አይሄድም" አለኝ። "አንቺ የከብት ነሽ። ይሄ የሰው ነው።"

"እኮ እኔ የምሠራው ከከብት ወደ ሰው በሚተላለፍ በሽታ ላይ ነው።"

"ሊሆን ይችላል። መመሪያው ግን አያውቀውም።"

ወደ ሌላው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። እዚያ ደግሞ ሁለተኛውን ዲግሪ ወደዱትና የመጀመሪያው ላይ ተሰናከሉ። የመጀመሪያ ዲግሪዬ የጤና መሆን ነበረበት አሉኝ። "የእንስሳት ጤና ነው" ስል ሰውየው የቀለድኩበት መስሎት ተቆጣ። ከብዙ ደብዳቤና ምልልስ በኋላ ሁለቱ ኃላፊዎች ተነጋግረው እንደ ውርስ መሬት ተካፈሉኝ። ሦስት ቀን ለከብት፣ ሁለት ቀን ለሰው። እኔ ሁለቱን ላገናኝ ተምሬ መጣሁ፤ እነሱ እኔን ለሁለት ከፈሉኝ።

ድንበሩም እንደ መሬት ድንበር ነበር። አንድ ማክሰኞ የአንድ ገበሬ በሬ ላክም ሄጄ ገበሬው ራሱ በጠራራ ፀሐይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሲንቀጠቀጥ አገኘሁት። ጠየቅሁት፣ ጻፍኩት፣ ሐሙስ ለሰዉ መሥሪያ ቤት አስገባሁት። የከብቱ አለቃዬ "በእኔ ማክሰኞ የሰው ሥራ ትሠሪያለሽ?" ብለው ተቆጡኝ። የሰዉ አለቃዬ ደግሞ በእነሱ ቀን ያልተሰበሰበ መረጃ ሪፖርት ውስጥ እንደማይገባ ነግረው ወረቀቱን መለሱልኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ደብተር ያዝኩ። አረንጓዴው የከብት፣ ነጩ የሰው። ቦርሳቸው ለየብቻ ነው፤ አረንጓዴው ከከብቱ መሥሪያ ቤት፣ ነጩም ከሰዉ መሥሪያ ቤት አይወጣም፤ ለመስክ ሥራ ካልሆነ በቀር። መጀመሪያ በንዴት ነው ያደረግኩት። እየቆየሁ ግን፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ጎበዝ ሆንኩበት። ማክሰኞ ሰው ሲያስል መስማት ተውኩ።

እናቴ የምትኖረው ከከተማው በባጃጅ ግማሽ ሰዓት በምትርቅ መንደር፣ የጨፋ ሜዳ ጥግ ላይ ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ አብራት የነበረችው አንዲት ቀይ ላም ነች። ከአጥሩ ማዶ ልጆቿ ሁሉ ሳዑዲ የሄዱባት ጎረቤት አለቻት። በዕድሜ እኩያ ናቸው፤ ሲጠራሩም በኦሮምኛ ይጀምሩና በአማርኛ ይጨርሳሉ። ላሚቱ ስትታለብ አንድ ኩባያ በአጥሩ ላይ ይሻገራል። ይህ እኔ ሳልወለድ የተጀመረ ነገር ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም።

ወተት አፍልታችሁ ጠጡ ብዬ ያልለመንኩት የመንደሩ ሰው የለም። እኛ ዘንድ ግን ወተት እሳት ካየ ላሚቱ ትነጥፋለች ይባላል። ደግሞም ለእንግዳ የፈላ ወተት መስጠት ቤቱ የቸገረው ያስመስላል። እናቴ አንድም ቀን ተከራክራኝ አታውቅም። "እሺ ልጄ፣ ኢንሻአላህ" ትላለች። እሁድ ስመጣ ወተቱ ፈልቶ ይጠብቀኛል፤ ለእኔ ብቻ። ባጃጇ ከዓይን ስትሰወር እሷ የራሷን ከቅሉ እንደምትጠጣ የታወቀ ነው። አውቅ ነበር። ትምህርት ሰጥቻለሁ ብዬ ግን ዝም አልኩ።

ላሚቱ የጨነገፈችው ማክሰኞ ነው። ቀኑ ያልጠፋኝ አረንጓዴ ለብሼ ስለነበር ነው። የእንግዴ ልጁ አልወርድ ብሎ እናቴ ደወለችልኝና በመሥሪያ ቤቱ ሞተር ሄድኩ። እስከ ትከሻ የሚደርሰውን ጓንት አጥልቄ አወጣሁት። እናቴ በባዶ እጇ የላሚቱን ጅራት ይዛልኝ ቆማ ነበር። የሞተውን ጥጃ በጨርቅ ጠቅልላ ያነሣችውም፣ ከጓሮ የቀበረችውም እሷ ነች፤ ከንፈሯን እየመጠጠች።

"እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ እማ" አልኳት።

አረንጓዴው ደብተር ላይ "አንድ ላም፣ ጭንገፋ" ብዬ ከመንደሩ ስም ጋር የባለቤቷን ስም ጻፍኩ። የባለቤቷ ስም የእናቴ ስም ነው። እንደ ማንኛውም ሰው ስም ጻፍኩትና ወደሚቀጥለው ቤት ሄድኩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ እናቴን ትኩሳት ጀመራት። ይመጣል፣ ያልባታል፣ ይሄዳል። ከዚያ ወገቧ። አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት፤ ታይፎይድ ነው ተባለ፣ መድኃኒቱን ጨረሰች፣ ተሻላት፣ ተመለሰባት። ሌላ ክሊኒክ ታይፎይድና ታይፈስ ነው አለ። እኛ አገር ያተኮሰው ሰው ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ አያመልጥም። በዚህ ነገር ስናደድ የኖርኩ ሰው ነኝ። ደሴ ክፍል ውስጥ ተነሥቼ ስለዚሁ ተናግሬ ተጨብጭቦልኛል። የእናቴን የምርመራ ወረቀት ግን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። እሷን የማያት እሁድ እሁድ ነው። እሁድ ቱታም ጋውንም የለኝም።

እያደር ስትሰግድ ግንባሯን መሬት አስነክታ ከሱጁድ መነሣት አቃታት። መጀመሪያ መሬቱን እየተደገፈች ተነሣች፣ ቀጥሎ ግድግዳውን፣ በመጨረሻ በርጩማ ላይ ተቀምጣ መስገድ ጀመረች። እናቴ ሞትን ስትፈራ አይቼ አላውቅም። ግንባሯ ዳግመኛ መሬት ሳይነካ እንዳይቀር ግን ትፈራ ነበር፤ አንድ ቀን ነግራኛለች። "ተቀምጦ መስገድ ለታመመ ተፈቅዷል፣ አውቃለሁ" አለችኝ፣ "ግን እንግዳ ቤት የገባሁ ይመስለኛል።" ያን ቀን ከኋላዋ ሆኜ፣ በርጩማዋ ላይ አጎንብሳ ስትሰግድ ሳያት ፈራሁ። ዕድሜ ነው አልኩ። የወገብ ቅባት ገዝቼላት ተመለስኩ። ሁለት ዲግሪ አለኝ፤ ያደረግኩት ግን ቅባት መግዛት ነው።

በዚያው ሰሞን የሰዉ መሥሪያ ቤት ለዓመት ስለምናቸው የኖርኩትን ጥናት ፈቀደልኝ። ትኩሳት እየተመላለሰባቸው ታይፎይድ ከሚባሉት ሰዎች መሐል ስንቱ በእርግጥ ብሩሴሎሲስ እንደያዘው ማወቅ እፈልግ ነበር። ከብትን የሚያስጨነግፈው፣ ሰውን ደግሞ እያተኮሰና እየለቀቀ ወገቡን የሚሰብረው በሽታ እሱ ነው። በጥሬ ወተትም ይተላለፋል፣ የጨነገፈችን ላም በባዶ እጅ ሲነካኩም ይተላለፋል። በመንደሮቹ ቤት በዕጣ ይመረጣል፣ ከዚያ የቤቱ ሰው ደም ይወሰዳል። ዕጣው ካርቶን ውስጥ ተደረገ። አለቃዬ እጃቸውን ሰደው ቁጥሩን ያወጣሉ፣ እኔ በነጩ ደብተር እጽፋለሁ። ከወጡት አንዱ የእናቴ ቤት ቁጥር ሆነ።

እዚህ ላይ ትምህርቴ መጣብኝ። አጥኚው ዘመዱን ካጠና ውጤቱ ይታማል ተብለን ተምረናል። ማንም አልጠየቀኝም፣ ማንም አላዘዘኝም።

"ይሄ የእናቴ ቤት ነው፣ ይቀየርልኝ" አልኩ።

"አንቺስ ሐቀኛ ነሽ" አሉ አለቃዬ።

ማስመሪያ አንሥቼ ቁጥሩን በቀጥታ መሥመር ሰረዝኩትና ቀጣዩን ቤት ተካሁ። ቀጣዩ ቤት የጎረቤቷ ነው። ያን ቀን ወደ ቤቴ የገባሁት ኮርቼ ነው፤ ከንዴቶቼ ሁሉ ዛሬም የማይበርድልኝ ያ ኩራት ነው።

ዓርብ ጋውኔን ለብሼ ጎረቤቷ ዘንድ ሄድኩ። በጀርባዋ ያዘለችኝ ሴት ፊት ቅጽ ይዤ ተቀመጥኩና በወጉ ጠየቅኳት። "ወተት የሚያገኙት ከራስዎ ላም ነው፣ ከገበያ ነው ወይስ ከጎረቤት?"

ሳቀች። "አንቺ ልጅ፣ ታውቂው የለም እንዴ?"

"ከእርስዎ አፍ መስማት አለብኝ።"

"እንግዲያ ከጎረቤት በይ።"

"ከጎረቤት" ብዬ ጻፍኩ። ከየትኛው ጎረቤት የሚል ጥያቄ ቅጹ ላይ የለም። ደሟን ወሰድኩ። ውጤቱ ሲመጣ ብሩሴሎሲስ ተገኘባት፤ ለካ እሷንም ሌሊት እያላባት ወገቧን ያማት ነበር። መድኃኒቱን ለሳምንታት ዋጠች፣ ላቡም ቆመላት፣ ወገቧም ቀና አለ። ባየችኝ ቁጥር ዱኣ ታደርግልኛለች። እሁድ እሁድ የእናቴ ወገብ እንዳለ ሆኖ፣ እኔ ከአጥሩ ማዶ የሚመጣውን ምርቃት አሜን እያልኩ እቀበል ነበር። እንዴት አልታየሽም የሚለኝ ሰው ልክ ነው። የጎረቤቷ በሽታ ነጩ ደብተር ላይ ነው፣ ላሚቱ አረንጓዴው ላይ ነች፣ እናቴ ደግሞ ታይፎይድ ተብላ ተዘግታለች።

ዓይኔን የገለጠልኝ ትምህርት ቢሆን ደግ ነበር። የገለጠልኝ ወንበር መነጠቄ ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት የከብቱ መሥሪያ ቤት ስገባ ወንበሬ ላይ አዲስ የተቀጠረ ሰው ተቀምጧል። አለቃዬ ሌላ ወንበር ስላለኝ እዚያው ሁሉንም ቀን እንድሠራ፣ የዓመቱን የጭንገፋ ሪፖርትም በዚያው ዕለት እንድልክ ነገሩኝ። አረንጓዴውን ደብተር በብብቴ ይዤ፣ መንገዱን ሁሉ እየተሳደብኩ ወደ ሰዉ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። እዚያ ደግሞ የትኩሳት ሪፖርት ይጠብቀኛል። ንዴቴ ሳይበርድ ሁለቱን ደብተሮች አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። አንድ ላይ ሲቀመጡ የመጀመሪያቸው ነው።

በግራ በኩል የመንደራችን ስም፣ አንድ ላም፣ ጭንገፋ፣ የእናቴ ስም። በቀኝ በኩል ያው መንደር፣ የጎረቤቷ ስም፣ ተገኝቶባታል፣ ወተት ከጎረቤት። ከእሱ በላይ በማስመሪያ የተሰረዘ አንድ ቁጥር። ሁሉም የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው። ፍየሎቹን ብቻ የጻፍኩለት የሰንበቴው ሰውዬ ትዝ አለኝ። በሰው ሀብት ክፍሉ፣ በቅጹ፣ በማስመሪያው ላይ ልናደድ ሞከርኩ፤ የለመድኩት እሱን ነው። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ግን የሌላ ሰው ጥፋት አላገኘሁም።

ጋውንም ቱታም ሳልለብስ፣ የደም መውሰጃውን ይዤ ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። እናቴ በሩ ላይ ስታየኝ ደነገጠች።

"ዛሬ ሰኞ አይደል እንዴ? ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም። ክንድሽን ስጪኝ።"

በዚያው ሳምንት ውጤቱ መጣ፤ ያው በሽታ። ላሚቱም ተመርምራ ተገኘባትና ለእርድ ሄደች። እናቴ ለራሷ ያላለቀሰችውን ለላሚቱ አለቀሰች። መሥሪያ ቤት ስመለስ የሰው ሀብት ሠራተኛው ሰኞ ከሥራ የወጣሁት በየትኛው ኃላፊ ፈቃድ እንደሆነ በጽሑፍ እንድገልጽ ጠየቀኝ። "በእናቴ" ብዬ ጽፌ ሰጠሁት። ማስጠንቀቂያውን ፋይሌ ውስጥ አስገቡት፤ በሁለቱም ፋይሎች።

መድኃኒቱ ከተጀመረ ከወር በላይ ሆኖት አንድ እሁድ ሄድኩ። ትኩሳቱ ከሄደ ሰንብቷል። ወገቧ ግን ዘግይተን ስለደረስንለት ገና ነበር፤ ሐኪሙም ሙሉ በሙሉ ይመለሳል ብሎ ሊምልልኝ አልደፈረም። ከገበያ የተገዛ ወተት እሳት ላይ ጥጃለሁ። ጎረቤቷ አጥሩ ላይ ብቅ ብላ "አከም ቡልቴ? ነጋዳ?" ብላ በኦሮምኛ እንዴት እንዳደርኩ ጠይቃ፣ እንደ ልማዷ መርቃኝ ሄደች፤ ቀጥ ብላ፣ በፈጣን እርምጃ። እናቴ ከበርጩማዋ ላይ ሆና በዓይኗ ሸኘቻት።

ከዚያ በላይ ይዤው መቀመጥ አልቻልኩም።

"እማ፣ ዕጣው ሲወጣ የወጣው ያንቺ ቤት ነበር" አልኳት። "እሷ የገባችው ባንቺ ቦታ ነው። የሰረዝኩሽ እኔ ነኝ።"

ወደ እኔ ዞረች። "ለምን?"

"እናቴ ስለሆንሽ። ሰው አዳላች እንዳይለኝ ብዬ።"

የተቆጣች አትመስልም ነበር። ወተቱ እንዳይገነፍል እያማሰልኩ ጠበቅኳት።

"ዕጣ እንኳ የአላህ ነው፣ ኢንተላ ኮ" አለች፤ በኦሮምኛ ልጄ ስትለኝ ልቧ የራራ ጊዜ ነው። "ግድ የለም። እንኳንም እሷ ዳነች። እሷ እኮ ሐኪም ልጅ የላትም።"

ቀጥላም "ለእናቴ እኔ አለሁላት ብለሽ ነዋ የሰረዝሽኝ" አለችኝ።

ልትወቅሰኝ አልነበረም፤ ምክንያቴን ልትፈልግልኝ ነው። ወቅሳኝ ቢሆን መልስ ነበረኝ። አዛን ሲል ለስግደት በርጩማዋን ወደ ቂብላ እንዳዞርላት ጠየቀችኝ፤ አዞርኩላት።